የካፒቴኑ ሽማግሌዎች

«ረዳት አብራሪው ልጅሽ የአውሮፕላኑ ጎማ አለመውረዱን እያየ ለምን ዝም አለ?» ብለው ጎረቤቶቼ ጠየቁኝ። አውሮፕላኑ በሆዱ ነበር ያረፈው፤ ደግነቱ ሰው አልሞተም።

ልጄ ቤት ሲመጣ ራሱን ጠየቅሁት።

«ካፒቴን መንክር የሠርጋቸውን ታሪክ እያወሩኝ ነበር» አለኝ። «ታላቅ ሰው ሲያወራ አታቋርጥ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

«እና እስከ መቼ ልትጠብቅ ነበር?»

«ሙሽራዋ ከቤት እስክትወጣ። ሳትወጣ መሬት ደረስን።»

ጎማው ይውረድ ብለው ማዘዝ የነበረባቸው ካፒቴኑ ናቸው። ልጄ ሰኞ ለመርማሪዎቹ ይህንኑ ሊናገር ሲዘጋጅ፣ እሁድ ካፒቴኑ ሦስት ሽማግሌ ላኩብን። እንቢ ልላቸው ቆርጬ ነበር። አንጋፋው ግን ገና ሳይቀመጡ መመረቅ ጀመሩ።

«ቤትሽን ይባርክልሽ።»

«አሜን።»

«ልጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ።»

«አሜን።»

«ለጡረታ የደረሱትን ካፒቴን እንዳያዋርድ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ የሚወስድበት ልብ ይስጠው።»

ምርቃት በዝምታ አይታለፍም። «አሜን» አልኩ። ልጄም ተከተለኝ።

በወሩ ከአየር መንገዱ የመጣውን ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት። ካፒቴን መንክር በሥራቸው ላይ ቀርተዋል፤ ልጄ ተሰናብቷል።