ባለቆቡ ስኳር

«ለመሆኑ የልጅዎ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ ቤዛዊትን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች። ወይዘሮ የሺመቤት የልጃቸውን ሥራ በቅጡ አያውቁትም። ሌላ ቀን እንዲመለሱ ለምነው ሸኟቸው።

በእኔ አለማወቅ የልጄ ትዳር ቀረ እንዳይባል ተጨነቁ። የጎልማሶች ትምህርታቸውን ለጊዜው ትተው ልጃቸውን በጥያቄ ወጥረው ያዙ። ቤዛዊት ስለ ጋብቻው ትንፍሽ ሳትል ሥራዋን አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ሸመደዱት።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እርጎ ሲጠጡ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ኮራ ብለው ጀመሩ።

«አፈር ውስጥ ያለ ጀርም መድኃኒት ይሠራል። መድኃኒቱ ላይ ስኳር አለ። ኢንዛይም የሚባል የጀርሙ ሠራተኛ ስኳሩ ላይ ሜቲል የምትባል ትንሽ ቆብ ይደፋለታል። ያለ ቆቡ መድኃኒቱ አይሠራም። ልጄ የምታጠናው ይህን ቆብ ደፊ ነው።»

«ጉድ እኮ ነው! ጀርሙስ የት ይገኛል?»

«እዚሁ ማቀዝቀዣችን ውስጥ፣ ከእርጎው ጎን።»

ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ጓዳ ሮጡ። «ምን አጠፋሁ? ከነገርሽኝ አንዲት ቃል አላዛነፍኩም!»

ቤዛዊት በሳቅ ፍርስ ብላለች። «አንቺማ አንደኛ ነሽ፣ እማዬ። ግን ጀርም ከቤተ ሙከራ ወደ ቤት ማን ያመጣል? የማቀዝቀዣውን ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ማን ላግባ አለ?»

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ቀሩ። ቤዛዊት ዛሬም እናቷ ቤት ናት።