የላላውና የጠበቀው ብሎን

እንዳለ በውጫሌ ከተማ ጋራዥ ከከፈተ ሁለት ዓመት ሞላው። ሥራ አላጣም። ባጃጅ ይፈታል፣ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፣ የገበሬ ጠመንጃም ይገጥማል። ያጣው ሰው ነው። ደንበኛ ዕቃውን አስቀምጦ፣ «መቼ ልምጣ?» ብሎ ይሄዳል። ቁጭ ብሎ የሚያወጋው የለም።

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። የጭነት መኪና ይነዳ በነበረ ጊዜ፣ ከሐይቅ ሲመጣ የጋሼ ታረቀኝን አንድያ ልጅ፣ ዋለን፣ ገጨው። ልጁ እዚያው አለፈ። እንዳለ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ሽማግሌ ግን ለዕርቅ ሦስቴ ተልኮ ሦስቴ ባዶውን ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ታረቀኝ ራሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። እንዳለ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

አልሰደቡትም። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ ፈቱ። ምንሽር ነው፤ ብረቱ ለብቻ፣ ሰደፉ ለብቻ፣ ብሎኖቹ በላስቲክ ተቋጥረው።

«ግጠመው። እንዳይነቃነቅ።»

«ለመቼ ነው ጋሼ?»

«ለነገ። ጊዜ የለኝም።» ሳል ያዛቸውና ግድግዳውን ተደገፉ። ሲለቃቸው ሰደፉን አንስተው የእንዳለ ትከሻ ላይ አስጠጉት፤ ክንዱን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት። በግ የሚመርጡ ይመስላሉ።

«ያጥራል» አሉ። «ሁለት ጣት ቀጥልበት።»

ገና ከመውጣታቸው ሒክማ ሮጣ ገባች። ሒክማ ከጅዳ ተመልሳ ጎኑ የሞባይል ዕቃ ትሸጣለች፤ በሰፈሩ እሱን በስሙ የምትጠራ እሷ ብቻ ናት።

«አንተ ጅል! ሰው የሚገደልበትን ጠመንጃ ራሱ ይጠግናል? ወላሂ፣ አሁኑኑ ደሴ ግባ!»

«ደሴ ማን አለኝ?»

«እዚህስ ማን አለህ?»

የወደቀውን መፍቻ አጎንብሶ አነሳ። እሷም ካፏ ያመለጣት ነገር ቆጫት መሰል ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሺ፣ ካልሄድክ ብሎኑን አላልተህ ስጣቸው። ይሳት።»

እውነቷን ነው። ብረቱንና ሰደፉን የሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች ከላሉ ጥይቱ ያሻው ይሄዳል። ካለልክ ከጠበቁ ደግሞ ያረጀው እንጨት ይሰነጠቃል።

ከሰዓት በኋላ ሰደፉ ጫፍ ላይ የዋንዛ ቁራጭ ቀጠለ። ከዚያ ተራውን መፍቻ አነሳና መልሶ አስቀመጠው፤ የሚፈራ እጅ ልክ አያውቅም። የብሎን ጥብቀት የሚለካውን አወጣ። ይኼኛው ቁጥር ይሞላለታል፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ለብሎኑ አፍ የሚሆን ጫፍ መርጦ ገጠመለት።

ከልኩ አሳንሶ ቁጥሩን ሁለት ላይ ሞላው። ሁለት ላይ ከቀረ ነገ በሕይወት ይውላል። ማንም አያውቅበትም።

ቢሞት ማን እንደሚያለቅስለት አሰበ። ከሒክማ ሌላ አልመጣለትም። ከዚያ የዋለን አባት አሰበ።

«ልጃቸውን ወሰድኩ» አለ ብቻውን። «ደግሞ በጠመንጃቸው ላታልላቸው?»

ቁጥሩን ወደ ልኩ፣ ወደ አምስት፣ አዞረው። የፊተኛው ቀጭ አለ። የኋለኛውም ቀጭ አለ።

በማግሥቱ ጋሼ ታረቀኝ መጡ። ምንሽሩን ነቀነቁት፤ ድንጋይ ነው። «ወደ ጓሮ ና» አሉት። ሒክማ «ኧረ በአላህ ይተውት!» እያለች በሩ ላይ ጮኸች። ዞረውም አላዩዋት።

የጓሮው ካብ ላይ አንድ ጣሳ ነበር። አነጣጠሩና ተኮሱ፤ ጣሳው በረረ።

«ይይዛል» አሉ። ሁለተኛ ጥይት አጎረሱ። «ቀጥ ብለህ ቁም።»

እንዳለ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። እርምጃቸው እየቀረበ መጣ፤ ከዚያ የዋንዛው ቅጣይ ትከሻው ላይ ልክ ብሎ ሲያርፍ ተሰማው።

«በል ልመደው ልጄ» አሉት ጋሼ ታረቀኝ፤ «የቀብሬ ለት ካንተ ሌላ ማን ይተኩስልኛል?»