በሌላ ሰው ጥፋት የፈረመው አናጺ

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት!»

አናጺው ይህን ሲል ወርክሾፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ዞረ...

አርባ ስድስት በር ነው። ለአዲስ ሆቴል የታዘዘ። አርባ ስድስቱም በአራት ሳንቲሜትር አጥረው ተቆርጠዋል።

በር ቢረዝም ይላጋል... ቢያጥርስ? ያው ማገዶ ነው።

የድርጅቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ ትኩር ብለው አዩትና «አንተ?» አሉት።

«አዎ ጋሼ... ልኬቱን ተሳስቼ ነው።»

ውሸቱን ነው!

በዚያ ቤት አስራ ሰባት ዓመት ሲሠራ ልኬት ስቶ አያውቅም። ሠራተኞቹ «ሜትሩ» ነው የሚሉት። ሚስቱ ሳትቀር «እኔንም ለክተህ ነው ያገባኸኝ» እያለች ትቀልድበታለች።

በሮቹን የቆረጠው የሽማግሌው ልጅ ነው። ስልክ እያወራ የለካውን፣ ሳይደግም ቆረጠው።

ጠዋት አናጺውን ከጣውላው ክምር ኋላ ወስዶ ለመነው።

«ወንድምጋሼ በናትህ! አባዬ ካወቀ ልቡ ይቆማል። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል አይደል? አንተን እንደሆነ ይወድሃል፣ ምንም አይልህም። ቤተሰብ አይደለን እንዴ?»

አንጀቱን በላው። ልጁን ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሚስማር መምታት ያስተማረው እሱ ነው።

ደግሞ «ቤተሰብ» የምትለዋ ቃል ታሸንፈዋለች።

«ቤተሰብ ነን» ሲባል ስንት እሁድ ገብቷል። «ቤተሰብ ነን» ሲባል የገዛ ልጁ ምርቃት ቀርቶበት እንጨት ሲያወርድ ውሏል። የፎርማንነት ቦታ ሲጠይቅም «በቤተሰብ መሀል ምን ያስቸኩላል?» እየተባለ ስድስት ዓመት አለፈው።

«ለፋይል ብቻ ነው» ተብሎ የጥፋተኝነት ወረቀት ቀረበለት... ፈረመ።

በወሩ ደብዳቤ መጣ።

«በፈጸሙት ከባድ ጥፋት ምክንያት ከሥራ ተሰናብተዋል» ይላል።

ከሥር የፈረመው ማን ይመስላችኋል? አዲሱ ሥራ አስኪያጅ... ያው ልጅ! ዓይኑን በጨው አጥቦ!

አናጺው ደብዳቤውን እንደያዘ ወደ ሽማግሌው ቢሮ ሮጠ። አንዲት ተስፋ ነበረችው... እሳቸው እውነቱን ቢያውቁ ይህ አይደረግም ብሎ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዋሽቼዎታለሁ። በሮቹን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም...»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አውቃለሁ» አሉት።

«...ምን አሉኝ?»

«የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅኩት። እንጨቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር የልጄ ነው። የልጄ ጽሕፈት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን...»

«የሆቴሉ ሰዎች ያጠፋው ካልተባረረ ሥራውን እንነጥቃለን አሉ። ምን ላድርግ? ሰው ልጁን እንዴት ያባርራል... ልጄ?»

«ልጄ» ብለውት እኮ ነው!

አናጺው ቱታውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አደረገና ወጣ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ወሬው ግን በር ላይ ቆሞ አልቀረም። ማታውኑ ሠራተኛው ሁሉ ሰማ...

ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም እጁን ታጥቦ ይወጣል። ማሽን ሲበላሽ «አላየሁም»። እንጨት ዝናብ ሲመታው «አልታዘዝኩም»። እሁድ ግቡ ሲባል የሁሉም አክስት ትታመማለች።

ሽማግሌው ደግሞ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የዘንድሮ ሠራተኛ ለሥራው ፍቅር የለውም» እያሉ ያማርራሉ።

አናጺውስ?

የፈረመበት ወረቀት በሄደበት ሁሉ ቀድሞት ይደርሳል። በሃምሳ ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞረ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል።

ወገኖቼ፣ ለድካሙ ሲሆን ቤተሰብ፣ ለፍርዱ ሲሆን ባዳ የሚያደርጋችሁን ቤት በጊዜ እወቁት። ባላጠፋችሁትም ለማንም ብላችሁ አትፈርሙ።

እናንተ አሠሪዎችም ስሙ... ሠራተኛ ከልቡ የሚሠራው «ቤተሰብ» ስላላችሁት አይደለም። ልጃችሁ ሲያጠፋ የምታደርጉትን አይቶ ነው።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ በሽማግሌው ቦታ ብትሆኑ፣ ልጃችሁን ታባርሩት ነበር?