የሞርሳው ድምፅ

ጎረቤቴ ከቤት ያመጣውን መዶሻ ያነሳና ሞርሳውን አንዴ ይመታዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ብረቱ ያስጠጋል። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ሰማሽ?» ይለኛል። «እንደ ደወል ነው።»

እኔ የሰማሁት «ዱብ» ነው። ስንጥቅ ማሰሮ ሲመታ የሚያወጣው ዓይነት፣ ወዲያው የሚሞት ድምፅ።

አሮጌ ዕቃ ተራ አብሬው የመጣሁት ሚስቱ ስለለመነችኝ ነው። «ብቻውን ከሄደ ይጣላል፤ አደራ፣ እህቴ» አለች። እውነቷን ነው። በሰፈራችን ስሙ ነጎድጓድ ነው፤ በሌለበት ማለቴ ነው። «እንዴት አደራችሁ» ሲል እንኳ ዶሮዎቼ ከአጥሩ ላይ ይወርዳሉ። ሠላሳ ዓመት ብረት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጣና ከጓሮ ያለችውን የማገዶ ክፍል ሥራ ቤት አደረጋት። ሞረድ አለው፣ መጋዝ አለው፣ መብሻ አለው። ብረቱን ጨብጦ የሚይዝለት ሞርሳ ግን የለውም፤ ያለሱ ደግሞ ሌላው ሁሉ የግድግዳ ጌጥ ነው። ብስክሌቱን የሸጠው ለዚህ ነው። ሌላ የሚሸጥ ብስክሌት የለውም።

መንገዱን ሙሉ እኔ ጋሪውን ስገፋ እሱ ሲያስተምረኝ መጣ። «አሮጌ ዕቃ ስትገዢ ዓይንሽን አትመኚ። ቀለም ይዋሻል፣ ሻጭ ይዋሻል። ምቺውና ስሚው። ደህና ብረት ይዘፍናል፤ የተሰነጠቀ ግን ድምፁን ይውጣል።» «እንደ ባል ነዋ» አልኩት። ዞርም ሳይል ስለ ብረት ማውራቱን ቀጠለ። ቀልዴን የናቀው መስሎኝ ነበር።

ሻጩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሞተር ክምር ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ አዲስ ሞርሳ አሳይቶን ነበር፤ ጎረቤቴ በጥፍሩ ጫር አድርጎ «ይሄማ ቆርቆሮ ነው» ብሎ መለሰለት። ይኼኛው አሮጌና ከባድ ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ግን የትናንት ነው፤ ጣቴ ላይ ይለጠፋል።

«ጆሮዎ አይታማም፣ አባት» ይላል ሻጩ ጮክ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጠገቡ ላለው ጓደኛው «ለደንቆሮ እንጨትም ይዘፍንለታል» ይለዋል።

ጓደኛው ይስቃል። ሻጩ ይስቃል። ጎረቤቴም ሰዎቹ ሲስቁ አይቶ አብሯቸው ይስቃል።

ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ በሻጩ፣ ቀጥሎ በዚህ ምስኪን ሳቅ፣ ከዚያ በራሴ። ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ጩኸቱን ቁጣ ነው ብዬ ነበር። ነጎድጓድ የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ይገባል።

«ጋሼ፣ ተው» እላለሁ።

«ምን?»

ጠጋ ብዬ ጆሮው ሥር እጮኻለሁ። «አልዘፈነም። ውጦታል።»

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል። የጎረቤቴ ፊት ይጠቁራል።

«አንቺ ነሽ ደግሞ ስለ ብረት የምትነግሪኝ? ሞረድና ማንኪያ የማትለዪ ሴትዮ? ሚስቴ ናት የላከችሽ፤ አውቃለሁ። እኔ ብረት ስመታ አንቺ ገና አልተወለድሽም።»

«ሞረዱንስ አላውቅም» እለዋለሁ። እኔም ተናድጃለሁ። «የተሰነጠቀ ሰሃን ድምፅ ግን አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብ ነው የኖርኩት።»

«እናት፣ ገበያዬን አታበላሺብኝ» ይላል ሻጩ።

«ዝም በል» ይለዋል ጎረቤቴ። የተናገረውን አልሰማም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው።

መዶሻውን ይሰጠኛል። ሁለት መዳፉን ሞርሳው ላይ ይዘረጋል፤ በር ላይ ቆሞ የውስጡን እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ምቺው።»

ባለኝ ንዴት ሁሉ እመታዋለሁ። መዳፎቹ አይነሱም።

«ድገሚ።»

እደግመዋለሁ። አሁን ቀስ ብሎ እጁን ያነሳል። ከኪሱ ትንሽ ሞረድ ያወጣና ከሞርሳው መንጋጋ ሥር ቀለሙን መፋቅ ይጀምራል። አረንጓዴው ሲነሳ የተደፈነበት ነጭ ስቱኮ ይረግፋል። ከስቱኮው ሥር ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር አለች፤ ከዳር እስከ ዳር።

«አሮጌ አሮጌ ነው፣ አባት» ይላል ሻጩ። «አዲስ ነው ያለዎት ማን ነው?»

አሁን ነጎድጓዱ ይወርዳል ብዬ ትከሻዬን እሰበስባለሁ። አይወርድም። ጎረቤቴ ወደ እኔ ይዞራል። ዛሬ ገና ነው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የምሰማው።

«ቅድም የሳቁት ምን ብለው ነው?»

«ምንም አላሉም» እላለሁ።

አፌን ለረጅም ጊዜ ያያል። ከዚያ መዶሻውን ከእጄ ይወስድና ይሄዳል። እኔ ጣቴ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም በሻጩ ነጭ እጅጌ ላይ ደህና አድርጌ እጠርግና ጋሪዬን እየገፋሁ እከተለዋለሁ።

ከሦስት መደብ በኋላ ይቆማል። ከዛገ ሰንሰለት ሥር አንድ ሞርሳ አለ፤ ቀለም የሚባል የለውም፣ እጀታው ጎብጧል፣ አቧራው እንዳለ ነው። ሰንሰለቱን በእግሩ ገፋ ያደርግና መዶሻውን ያነሳል።

ይመታዋል። አሁን ጎንበስ አይልም፣ ዓይኑንም አይጨፍንም። ፊቴን ያያል።

ድምፁ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። አያልቅም።