አዝሎ ያወጣቸው ሰው

የአካል ጉዳት ጡረታው ማመልከቻ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ አዛውንቱ ወታደር በጦርነት ሲቆስሉ ያየ ምስክር። የጦር ጉዳተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሦስት ቀን ስታፈላልግ ሰንብታ ያን ዕለት በጀርባው አዝሎ ያወጣቸውን ጓደኛቸውን ስልክ አገኘች። ከተለያዩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሯዋ ተቀምጠው ለሚጠብቁት ወታደር ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ሃሎ» አለ ከወዲያ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ወታደሩ ክራንቻቸውን ረስተው ብድግ አሉ። «አንተ ሎጋው፣ አለህ ወይ? እኔ ነኝ፣ በጀርባህ አዝለህ ያወጣኸኝ!»

«ልጁ ነኝ ጋሼ» አለ ድምፁ። «አባባ ካረፈ ዓመት ሞላው። ስምዎን ሳያነሳ ውሎ አያውቅም ነበር።»

«ሌላ ምስክር እንፈልጋለን አባቴ፣ ይዝጉት» አለቻቸው ከጎናቸው ስትሰማ የነበረችው ጸሐፊ ቀስ ብላ።

እሳቸው ግን ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። «ልጄ፣ ድምፅህ ቁርጥ የአባትህ ነው። ሥራ ካልያዘህ ትንሽ አውራኝ።»

«ምን ልንገርዎት?»

«የፈለግኸውን። ብቻ ዝም አትበል።»