አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ «እሱ»

ስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ። ከባዕድ ቋንቋ እየተረጎምን ድምፅ የምንሰጠው ድራማ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ አለቃው፣ አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ በደብዳቤ ብቻ ሲያሳስርና ሲያስፈታ የከረመው ሰውዬ፣ አሁን ፊቱን ሊያሳይ ነው። በድምፁ ምክንያት መብረቅ የምንለው ተዋናያችን ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ለዚች ቀን ሲል ሳምንቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አልቀመሰም።

የገባችው ግን መነጽር ያደረገች አጭር አሮጊት ናት።

መብረቅ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ብድግ አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

ላብ አጠመቀኝ። የሰዎቹ ቋንቋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለእሱም ለእሷም ያላቸው አንድ ቃል ነው። የእኛ ደግሞ «መጣ» ወይም «መጣች» ካላሉት አንድ እርምጃ አያስኬድም። የዚህ ክፍል ምስል የደረሰን ዛሬ ጠዋት ነው፤ እኔ የምተረጉመው ከጽሑፉ ብቻ ነበር። ሚኒስትር የሚያንቀጠቅጥ አለቃ ሳገኝ ሳልጠይቅ ሱሪ አለበስኩት።

«አለቃው አዘዘ፣ አለቃው ተቆጣ ስንል ከርመን!» ዳይሬክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ማታ ሦስት ሰዓት ይተላለፋል እኮ! አገር ሁሉ ይስቅብናል። ስማ፣ ይሄ ካልተስተካከለ ነገ እንዳትመጣ።»

«እኔ ተናግሬ ነበር» አሉ እትዬ ከጥግ። እትዬ አንጋፋ ተዋናይት ናቸው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሰጠናቸው ግን የሚያለቅሱ እናቶችን ብቻ ነው። «አንዱን ሰውዬ አሳስራ፣ ‹ልጆቹ ምሳ በልተዋል ወይ› ብላ የጻፈች ጊዜ ሴት ናት አልኳችሁ። ሳቃችሁብኝ።»

እውነት ነው፣ ስቀናል። ከሁሉም ጎልቶ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «ቆይ፣ ቆይ! ከድራማው ሰዎች አለቃውን አይቶ የሚያውቅ አለ?»

«የለም» አለች ድምፅ ቀጂዋ። «ደብዳቤ ብቻ ነው የሚደርሳቸው።»

«በቃ! ‹እሱ› ያሉት እነሱ ናቸዋ! እንደ እኛው ወንድ መስሏቸው ነው! ተመልካቹም መስሎታል፣ ማታ አብሯቸው ይደነግጣል!»

ድምፅ ቀጂዋ አጨበጨበች። ዳይሬክተሩ እጁን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ።

«ይሠራል» አለ። «ይሠራል! ግን ማን ይናገርላት?»

መብረቅ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገው። «እትዬ፣ ይምጡ።»

እትዬ ተነሡ። «አላለቅስም?»

«ዛሬ አያለቅሱም» አልኳቸው።

ምስሉ ወደ ኋላ ተመለሰና አሮጊቷ እንደገና ገባች። ጠረጴዛውን ከበው የቆሙት ባለጠመንጃዎች አለቃው ይከተላት እንደሆነ ከኋላዋ ያያሉ። እትዬ ወረቀቱን አላዩትም። አልጮኹም፤ እንዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

«ቁጭ በሉ። እኔ ነኝ።»

ቀና ብዬ ሳይ ዳይሬክተሩም፣ መብረቅም፣ እኔም ቁጭ ብለናል።