ከሄድዊግ ጎን የተቀመጠው ሰው

ቀረብ በሉ፤ ወንበሩንም ወደ ምድጃው ሳብ አድርጉት። ወይኑ ተለቅሞ አልቋል፣ ጭጋጉም ከሐይቁ ላይ አልነሣ ብሏል። እንዲህ ያለው ወራት ሲመጣ የኦትማር መኪና ትዝ ትለኛለች።

ኦትማር ጣሪያ ሠሪ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ሸክላ ሲደረድር፣ ከታች አንዲት አፍንጫዋ የረዘመ ባለ ሁለት በር መኪና እያጉረመረመች አለፈች። አንገቱ እስኪቆለመም አያት። "አንድ ቀን" አለ። ያቺ አንድ ቀን ሃምሳ አራት ዓመት ፈጀች። ምን ይደረግ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ጠፍቶ አያውቅ፤ የሰውን ቤት ሲከድን ዕድሜው አለቀ።

ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ በሚያዝያ፣ ገዛት። ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ ወንበሯ ቆዳ፣ ሽታዋ አዲስ ጫማ ጫማ ይላል። ሊረከባት ሲሄድ ሚስቱ ሄድዊግ አብራው ነበረች። ቀበቶውን በችኮላ ሲስብ የቡናማ ጃኬቱ አዝራር ተበጥሶ ወንበሩ ሥር ገባ።

"ልፈልግልህ?" አለችው።

"ተዪው። እሷም ከእኔ አንድ ነገር ትውሰድ።"

ሄድዊግ ቤት ሲገቡ ከአሮጌ ሸሚዝ ላይ ነጭ አዝራር ቆርጣ ሰፋችለት። "ሠርግ አትሄድበት፣ ምን አለበት" አለች።

ያ ጸደይ እንዴት ያለ ጸደይ መሰላችሁ! ታርጋዋ ላይ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ተብሎ ተጽፎባታል፤ ከዚያ ውጭ መንገድ መውጣት የለም። ስለዚህ ኦትማር አንዲት ፀሐያማ ቀን አላባከነም። ተራራውን ሲወጡ መስኮቱን ያወርድና "ስሚያት፣ ሞተሯን ስሚያት" ይላል።

"የአንተንም ማታ ማታ እሰማዋለሁ፤ ማንኮራፋት እንደሆነ ለምጄዋለሁ" ትለዋለች ሄድዊግ።

በሰኔ ግን ጋራዥ ሲያስገባት ግድግዳው ላይ ፋቃት። "ጉልበቴ ነው፣ ፍሬኑን አልረገጠልኝም" አለ። ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሙ ግን ጉልበቱን ትቶ ዛሬ ቀኑ ማን ነው፣ ወሩስ እያለ ጠየቀው። ሲመለሱ ሄድዊግ የመኪናዋን ቁልፍ ከድስቶቹ ጀርባ ደበቀችው።

"ጉልበትህ እስኪሻልህ ነው" አለችው። አኩርፎ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መኪናዋን ማጠብና መወልወል ሆነ።

ነገር የመጣው በነሐሴ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እንደ መስተዋት የወለወላት መኪና፣ ረቡዕ ጠዋት ጎማዋ የወይን ማሳ ጭቃ ይዞ ተገኘ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው፤ በሚቀጥለውም። ኦትማር ማክሰኞ ማታ ድካም ድካም እያለው በጊዜ ይተኛል፤ ስለዚህ ማንን ይጠይቅ? አንዱን ረቡዕ በሩን ከፍቶ አየ። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እግሩ ረጅም የሆነ ወንድ ተቀምጦበታል ማለት ነው። ወለሉ ላይ የናና ከረሜላ መጠቅለያ ወድቋል።

"ከረሜላዬን እንኳ አልተወልኝም" አለ ለራሱ።

እንደ ኦትማር ረጅም ሰው ከተባለ ደግሞ ጎረቤታቸው ሎታር አለ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሸሚዙን ግን እንደ ሙሽራ ይተኩሳል። እሱ ራሱ ነው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፦

"ኦትማር፣ ትናንት ሐይቁ እንዴት ነበር?" ያለው።

"የምን ሐይቅ?"

ሎታር ዞር ብሎ ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣውን ሄድዊግን አያት። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፣ ጽጌረዳውን መከርከም ጀመረ። ኦትማርም ያንን መቅላት በልቡ ያዘው።

መስከረም ሲያልቅ ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ። መንገድ ዳር የቆመው ፎቶ አንሺ ሳጥን በፍጥነት ስታልፉ ያነሣችሁና ፎቷችሁን ቤታችሁ ድረስ ይልኩላችኋል፤ መቼም ያልደረሰው የለም። መሪውን የያዘችው ሄድዊግ ናት። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ፊት እንደ ደንቡ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል፤ የሚቀጣው ሾፌሩ ነው፣ አብሮ የተሳፈረው ማንም ይሁን ማን የመንግሥት ጉዳይ አይደለም። ስንቱን ትዳር ከመፍረስ ያዳነ ቀለም ነው እናንተዬ።

ኦትማር ከፎቶው ያየው የሄድዊግን ሳቅ ብቻ ነው። እንዲያ ስትስቅ ካያት ቆይቷል።

ወጥ ቤት ገብቶ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ማክሰኞ የት ነበርሽ?"

"ሐይቁን ስዞር ነበር።"

"ከማን ጋር?"

ሄድዊግ ድንቹን መላጥ አቁማ ዐይን ዐይኑን አየችው።

"ከምወደው ሰው ጋር።"

"በእኔ መኪና።"

"በአንተ መኪና።"

"አርባ አራት ዓመት አብረን ኖረን፣ ሄድዊግ።"

"አርባ ስድስት ነው" አለች።

"ሎታር ነው አይደል?"

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዕንባዋ መጣ። "ሎታር? እሱ እኮ መኪና ውስጥ ገና ሲገባ ነው የሚያስመልሰው።"

ኦትማር አልሳቀም። ትራሱን ይዞ ወደ እንግዳ ክፍል ሄደ፤ በማግስቱም ከዚያ አልወጣም። ሄድዊግ በሩ ላይ ሾርባ አስቀምጣለት ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ወጥ ቤት ገባ። "የኔ ቆንጆ፣ ቅቤው የት ነው ያለው?" አላት። ስለ ፎቶው ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሣም። ሰፈሩ ሁሉ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው፣ በሦስት ቀን ይቅር የሚል ወንድ አይተን አናውቅም አለ።

ጥቅምት አልቆ መኪናዋ ጋራዥ ገባች፣ ሽፋኗም ተጣለባት። ኦትማር ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሮ ዐረፈ። መኪናዋን አንድ የጥርስ ሐኪም ገዛት። ሎታር ቤቱን ሽጦ ልጁ ዘንድ ሄደ። ሄድዊግ አሁንም አለች። ቅጣቷን ከፍላ ፎቶውን ፍሬም አስገብታዋለች፤ አልጋዋ አጠገብ ተሰቅሏል።

ከጥቁሩ ቀለም ዝቅ ብሎ፣ ቡናማ ጃኬት ላይ፣ አንዲት ነጭ አዝራር ትታያለች።